ስለ ነዳጅ ሕዋስ፤ በውስጡ የጋዝና የውሃ አካሄድ እንዴት እንደሚደላደል

የነዳጅ ሕዋስ የሚባለው መሣሪያ ሃይድሮጅን የተባለውን ጋዝ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋራ ነበልባል ሳያስነሣ እያገናኘ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሰጥ ነው። ከሥራው በኋላ የሚተርፈው ውሃና ሙቀት ብቻ ነው፤ ጢስ የለውም፤ እንደ ናፍጣ ሞተርም አይጮኽም። ነገሩን በወሬ የሰማ ሰው «ሃይድሮጅኑን በአንድ ወገን፣ አየሩን በሌላው ወገን ማስገባት ብቻ ከሆነ ምን ያስቸግራል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚያስቸግረው ግን ከሥራው የሚወለደው ያው ውሃ ነው። ውሃው ካነሰ መሣሪያው ደርቆ ኀይሉ ይጠፋል፤ ከበዛም የጋዙን መንገድ ይዘጋና መሣሪያው ታፍኖ ይቆማል።

ይህን ነገር መምህራንና የአገር ሽማግሎች ሊያውቁት የሚገባበት ምክንያት አለ። መሣሪያው ዛሬ ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል፤ የውሃው ሚዛን ግን የሚወሰነው በአየሩ ግፊት ነው። ለባሕር ጠረፍ አየር የተለካ መሣሪያ አየሩ በሳሳበት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ እንዳለ ቢተከል፣ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ አቅሙ ይጐድላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ይኸውም እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ በታች ተራ በተራ ይገለጻል።

የቀድሞ መምህራን ነፋስን፣ እሳትን፣ ውሃንና መሬትን አራቱ ባሕርያት ብለው ሲቈጥሩ ውሃን ከነፋስ ለይተው ያስተምሩ ነበር፤ በእውነትም ለዐይን የተለዩ ናቸው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ግን ውሃ ራሱ ከሁለት ጋዞች የተዋሐደ መሆኑን አስረዱ፤ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም ኒኮልሰንና ካርላይል የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በኤሌክትሪክ ኀይል ውሃን ወደ ሁለቱ ጋዞች ከፈሉት። በ1839 ዓ.ም ደግሞ፣ በኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት ሳለ፣ ዊልያም ግሮቭ የተባለው የዌልስ ተወላጅ ነገሩን ገልብጦ የተከፈሉት ጋዞች እንደ ገና ሲገናኙ የኤሌክትሪክ ኀይል እንደሚመልሱ አሳየ። ግሮቭ በሙያው ጠበቃ ነበረ፤ በኋላም ዳኛ ሆኗል። ከሁሉ ይልቅ ያስተዋለው ነገር ኀይሉ የሚወለደው ጋዙ፣ ፈሳሹና ፕላቲን የሚባለው ብረት ሦስቱ በአንድነት በሚነካኩበት ጠርዝ ላይ መሆኑን ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ይህን ጠርዝ ለማስፋት፣ ደግሞም እንዳይደርቅና እንዳይሰጥም ለመጠበቅ የተደረገ ድካም ነው ማለት ይቻላል።

መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ሊያሳይ ይችላል። ሁለት እርሳስ በሁለቱም ጫፍ ቀርጾ፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ፣ የእርሳሶቹን ታችኛ ጫፍ ይንከር፤ ላይኛውን ጫፍ ደግሞ 9 ቮልት ካለው ባትሪ ጋራ በሽቦ ያገናኝ። ወዲያው በጥቁሮቹ ዘንጎች ላይ ጥቃቅን አረፋ ይታያል፤ በአንዱ ላይ ሃይድሮጅን፣ በሌላው ላይ ኦክሲጅን ነው። ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ ባትሪውን ነቅሎ በምትኩ የቮልት መለኪያ ቢያያይዝ መለኪያው ኀይል መኖሩን ይናገራል፤ አረፋው እየተላቀቀ ሲሄድ ግን ቍጥሩ እየወረደ ይጠፋል። በሶዳው ፈንታ የገበታ ጨው መጨመር አይገባም፤ ክሎሪን የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣልና።

ዛሬ ለመኪናና ለቤት የሚመረጠው ዐይነት በመካከሉ ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን አለበት። ሽፋኑ ከፕላስቲክ ወገን ነው፤ ውፍረቱም ከሰው ጠጕር ያነሰ ነው። በሁለቱ ፊቱ ላይ እንደ ጥቀርሻ የደቀቀ ካርቦን ከፕላቲን ብናኝ ጋራ ተለውሶ ተቀብቷል። ሃይድሮጅን በአንዱ ፊት ሲደርስ ፕላቲኑ ይለያየዋል፤ ኤሌክትሮን የሚባለው ክፍሉ በሽቦ ዞሮ አምፖሉን አብርቶ ይሄዳል፤ ፕሮቶን የሚባለው ክፍሉ ግን በሽፋኑ ውስጥ ለውስጥ ይሻገራል። በማዶ ሁለቱ ተመልሰው ከኦክሲጅን ጋራ ሲገናኙ ውሃ ይሆናሉ። አንዱ ሕዋስ በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠው ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ብቻ ነው።

ሽፋኑ ፕሮቶንን የሚያሻግረው እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው። ታንኳ ያለ ውሃ እንደማይሄድ ሁሉ ፕሮቶንም በደረቅ ሽፋን ውስጥ መሄጃ የለውም። ሽፋኑ ሲደርቅ ኀይሉን ይቃወማል፤ በመቃወሙም ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይብስ ይደርቃል፤ በመጨረሻ ይሰነጠቅና ሃይድሮጅኑና አየሩ በቀጥታ ይገናኛሉ። ያን ጊዜ የዕቃ መበላሸት ብቻ ሳይሆን የእሳት አደጋም አለ።

እንግዲህ ውሃውን እንደ ግምጃ ቤት ሒሳብ በገቢና በወጪ መመልከት ይሻላል። ፕሮቶን ከሃይድሮጅኑ ወገን ወደ አየሩ ወገን ሲሻገር ብቻውን አይሄድም፤ የውሃ ቅንጣት እየጐተተ ይሄዳል። ስለዚህ የሃይድሮጅኑ ወገን ይደርቃል፤ የአየሩ ወገን ይረጥባል። በዚያው በአየሩ ወገን አዲስ ውሃ ደግሞ ይወለዳል። የበዛው ውሃ በከፊል በሽፋኑ ውስጥ ወደ ኋላ ሰርጎ ደረቁን ወገን ያረጥበዋል፤ ሽፋኑ ስስ በሆነ መጠን መስረጉ ይቀላል፤ ሊቃውንቱ ሽፋኑን ከዓመት ወደ ዓመት እያሳሱት የመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቀረውን አየሩ በእንፋሎት መልክ ተሸክሞት ይወጣል፤ መሸከም ያቃተው ደግሞ ጠብታ ሆኖ ይቀራል።

መጠኑን ለማወቅ ያህል፣ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን 8 ኪሎ ኦክሲጅን ወስዶ 9 ኪሎ ውሃ ይሆናል። ከአየር ክብደት ኦክሲጅኑ ከመቶ 23 እጅ ስለ ሆነ፣ 8 ኪሎ ኦክሲጅን ለማግኘት 35 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። መሐንዲሶቹ ግን ወደ መውጫው በኩል ኦክሲጅን እንዳይጐድል እጥፍ ያህል፣ ወደ 70 ኪሎ ገደማ ያስገባሉ። አየሩ እንግዲህ ሁለት ሥራ አለው፤ ኦክሲጅን ያመጣል፤ ውሃም ይወስዳል። የሁለቱ ልክ ግን አንድ አይደለም፤ ለአንዱ የሚበቃው አየር ለሌላው ይበዛል ወይም ያንሳል። የዚህ መሣሪያ ችግር ሁሉ ያለው በዚህ ነው።

ይህ ዐይነት ሽፋን ያለበት ሕዋስ ሰው ባለበት መንኰራኵር መጀመሪያ ወደ ጠፈር የወጣው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም በጄሚኒ 5 ነው። በጠፈር ክብደት ስለማይታወቅ ጠብታ ወደ ታች አይወርድም፤ ስለዚህ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኩራዝ ክር ላምባውን እንደሚስብ ውሃውን የሚስቡ ክሮች በሕዋሱ ውስጥ አኖረ። ወደ ጨረቃ የሄደው አፖሎ ሌላ ዐይነት ሕዋስ ነበረው፤ ተጓዦቹም ከሕዋሱ የወጣውን ውሃ ይጠጡት ነበር። በ1970 ዓ.ም በአፖሎ 13 የኦክሲጅኑ ጋን ፈንድቶ ሕዋሶቹ በቆሙ ጊዜ ሰዎቹን ያሳሰባቸው የመብራቱ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የሚጠጡት ውሃ ማነሱም ነበር።

ከፕላቲኑ ቅባት ቀጥሎ ከካርቦን ክር የተሠራ ወረቀት አለ። ይህ ወረቀት ሁለት የሚቃረኑ ሥራዎች አሉበት፤ ጋዙን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ውሃውን ወደ ውጭ ያወጣል፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ነጠላ ደረቅ ሳለ ትንፋሽ ያሳልፋል፤ ከራሰ በኋላ ግን ተወጥሮ ቢነፋ ትንፋሹ በጭንቅ ያልፋል፤ በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ በውሃ ተሞልቷልና። ወረቀቱ እንዲህ እንዳይሆን በቴፍሎን ይነከራል፤ ይኸውም እንቍላል እንዳይጣበቅበት መጥበሻ የሚቀባው ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው በቀዳዳዎቹ ውስጥ አይንሰራፋም፤ ተንከባልሎ ይወጣል። እረኛ በክረምት የሚለብሰው ገሳ ዝናቡን አንከባልሎ እየጣለ ነፋስ እንደሚያሳልፍ ማለት ነው።

ከወረቀቱ በኋላ ከግራፋይት ወይም ከብረት የተሠራ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አለ፤ በፊቱም ላይ ወርዳቸው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ቦዮች ተቀርጸውበታል። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገበሬው ውሃውን ለእርሻው ሁሉ እኩል ለማዳረስ እንደሚደክም፣ መሐንዲሱም ጋዙን ለሽፋኑ ፊት ሁሉ እኩል ለማዳረስ ይደክማል፤ ልዩነቱ በቦዩ ውስጥ የሚሄደው ጋዝ፣ ቦዩን የሚደፍነው ደለል ደግሞ ውሃ መሆኑ ነው።

ለማሰብ ቀላል የሆነው አካሄድ ብዙ ቦዮችን ጎን ለጎን ቀጥ አድርጎ መቅረጽ ነው። ጋዙን ለመግፋት ብዙ ኀይል አይፈልግም። ጉድለቱን ለማየት ግን ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ይበቃሉ። በአንደኛው ውስጥ የውሃ ጠብታ አስገብቶ ሁለቱን ባንድነት በቀስታ ቢነፏቸው ትንፋሹ በባዶው ቱቦ ይሄዳል፤ ጠብታው ካለበት አይነቃነቅም። በሕዋሱም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቦይ በጠብታ ከተዘጋ ጋዙ በሌሎቹ ይሄዳል እንጂ የተዘጋውን አይከፍተውም፤ በዚያ ቦይ ሥር ያለው የሽፋኑ ክፍልም ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። ከዚህም የሚከፋው፣ ባዶዎቹ ቦዮች ሥራውን ሁሉ ስለሚሸከሙ ውሃው በእነርሱ መብዛቱ ነው።

ስለዚህ ሌሎች አንድ ረጅም ቦይ እንደ እባብ እያጠማዘዙ በሰሌዳው ፊት ሁሉ ያስኬዱታል። ጋዙ ሌላ መንገድ ስለሌለው ጠብታውን እየገፋ ሊያወጣው ግድ ይሆንበታል። ዋጋው ግን አለ፤ መንገዱ ረጅምና ጠባብ ስለ ሆነ አየር የሚገፋው መሣሪያ ብርቱ መሆን አለበት፤ እርሱ ደግሞ የሚበላው ሕዋሱ ከሰጠው ኤሌክትሪክ ነው። ብዙዎቹ ሁለቱን አካሄድ አደባልቀው ሦስት ወይም አራት ቦዮችን ጎን ለጎን እያጠማዘዙ ይቀርጻሉ። እንደ ተቈላለፉ የሁለት እጅ ጣቶች፣ የገቢው ቦይ መጨረሻው የተደፈነ፣ የወጪው ቦይ መጀመሪያው የተደፈነ የሚሆንበትም ሥሪት አለ፤ በዚህ ጊዜ ጋዙ በወረቀቱ ውስጥ ተጨንቆ ስለሚያልፍ ውሃውን ከሥር ጠርጎ ያወጣዋል። ቶዮታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2014 ዓ.ም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር መሸጥ በጀመረው ሚራይ በሚባል መኪና በአየሩ ወገን ቦይን ትቶ እንደ ወንፊት የተሠራ ስስ ብረት አኖረበት፤ አየሩ በየቀዳዳው እየተጋጨ ውሃውን ከወረቀቱ ላይ ይገፈዋል።

አንድ ሌላ ብልሃት ደግሞ አለ፤ ምንም ወጪ የለውም፤ ስለዚህም ከሁሉ የሚበልጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አየሩ ከቀኝ ወደ ግራ ከሄደ ሃይድሮጅኑን ከግራ ወደ ቀኝ ማስኬድ ነው። አየሩ በመግቢያው ደረቅ፣ በመውጫው እርጥብ ነው። አቅጣጫው ሲገለበጥ የአየሩ እርጥብ መውጫ ከሃይድሮጅኑ ደረቅ መግቢያ ጋራ ፊት ለፊት ስለሚገጥም እርጥበቱ በሽፋኑ ውስጥ ይሻገራል፤ ሃይድሮጅኑም ያን እርጥበት ተሸክሞ ወደ አየሩ ደረቅ መግቢያ ያደርሰዋል።

እስካሁን የተነገረው ስለ አንድ ሕዋስ ነው። ስለ ብዙ ሕዋሶች ለመናገር የአዲስ አበባው የልደታ ኮንዶሚኒየም ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በቦታው የተሠራው ይህ የጋራ መኖሪያ ቤት ቤተሰብ በቤተሰብ ላይ ተደራርቦ የሚኖርበት ነው። እንዲህ ባለ ቤት የውሃው ቧንቧ ከምድር ተነሥቶ ሽቅብ እየወጣ ለየፎቁ ቅርንጫፍ ይሰጣል። ግፊቱ ሲደክም ምድር ቤት ያለው ይቀዳል፤ ላይኛው ፎቅ ያለችው እናት ግን ቧንቧዋን ብትከፍት የአየር ድምፅ ብቻ ትሰማለች፤ ጀሪካን አንሥታም ደረጃውን ትወርዳለች።

የነዳጅ ሕዋስም እንዲሁ ነው። የአንዱ ሕዋስ 0.6 ቮልት ለብቻው እምብዛም ስለማይጠቅም ሕዋሶቹ እንደ ፎቅ ይደራረባሉ፤ በመጀመሪያው ሚራይ ውስጥ 370 ሕዋሶች ተደራርበው ነበር። በክምሩ ዳር የሚሄዱ የጋራ ቧንቧዎች ሃይድሮጅኑንና አየሩን ለየሕዋሱ ያከፋፍላሉ። በአንድ ነገር ግን ከኮንዶሚኒየሙ ይከፋል። በቤቱ የላይኛው ፎቅ ውሃ ቢያጣ የታችኛው ይጠጣል። በክምሩ ግን ኤሌክትሪኩ በሁሉም ሕዋስ ተራ በተራ ስለሚያልፍ፣ አንዱ ሕዋስ ቢታፈን የሁሉም ኀይል ይወርዳል። ሃይድሮጅን ያጣው ሕዋስ ደግሞ ሌሎቹ በግድ ስለሚያሠሩት የሚያቀርበው ሲያጣ የገዛ ካርቦኑን መብላት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ሃይድሮጅን ቢመጣለትም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የጋራውን ቧንቧ ሰፊ፣ የየሕዋሱን ቦይ ግን ጠባብ ያደርጋሉ፤ እንዲህ ሲሆን ከመግቢያው የቀረበውም የራቀውም ሕዋስ ድርሻው ሊተካከል ይችላል። የቤት ቧንቧ የሚዘረጉ ሰዎችም ይህን ሥርዓት ቢጠብቁ የላይኛው ፎቅ እንባ ይቀንስ ነበር። ዳግመኛም የሕዋሶቹን ቮልት አንድ በአንድ የሚጠብቅ መለኪያ ይደረጋል፤ ከወንድሞቹ ወርዶ የተገኘ ሕዋስ ወይ ደርቋል ወይ ሰጥሟል።

ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የውሃ መግፊያው ፓምፕ ይቆማል፤ በፎቅ ቤት እንግዲህ መብራትና ውሃ ባንድነት ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ቤት የነዋሪዎች ኮሚቴ ለመጠባበቂያ የነዳጅ ሕዋስ ለመግዛት ቢያስብ፣ አስቀድሞ የሒሳቡን ነገር ማወቅ አለበት። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለመክፈል 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ሕዋሱ ከዚያ የሚመልሰው ግን 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱ በመንገድ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት መጥፋት ባትሪ ይሻላል፤ የነዳጅ ሕዋስ የሚጠቅመው ኀይሉ ለብዙ ቀን ሲጠፋ፣ የባትሪው ክምችትም ከልክ በላይ ሲበዛ ነው። ውሃ በጠፋበት ሰፈር ከአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይገኛል የሚለው ወሬ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሃይድሮጅኑ የተገኘው ከውሃ ከሆነ ያው 9 ሊትር አስቀድሞ ተከፍሏል፤ ከሕዋሱም የሚወጣው ብዙው በእንፋሎት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ ሃይድሮጅን ለመክፈል የሚሆን ኀይል ከዚህ ሊገኝ ይችላል፤ ቢሆንም መብራት ላልደረሰው መንደር ሽቦ መዘርጋት ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ደጋው አየር እንመለስ። ኪሎ ፓስካል የግፊት መለኪያ ስም ነው። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን 76 ገደማ ነው፤ ውሃም በልደታ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ የሚፈላው ስለዚህ ነው። ነገሩን በችኮላ ያየ ሰው ግፊቱ በሩብ ስለ ቀነሰ ለሕዋሱ የሚደርሰው ኦክሲጅንም በሩብ ይቀንሳል ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ ውሃውን ረስቷልና። ሕዋሱ በ80 ዲግሪ ሙቀት ሲሠራ በውስጡ ያለው አየር በእንፋሎት የጠገበ ቢሆን፣ እንፋሎቱ ብቻውን 47 ኪሎ ፓስካል ይይዛል። እንፋሎቱ የሚይዘው ቦታ በባሕር ጠረፍም በልደታም አንድ ነው፤ ደጋ ነው ብሎ አይቀንስም። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ለአየሩ 54 ሲቀርለት በልደታ 29 ብቻ ይቀርለታል። ከዚህ ኦክሲጅኑ አንድ አምስተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ በጠረፍ 11፣ በልደታ 6 ይሆናል። በሩብ ሳይሆን በግማሽ ያህል ወረደ ማለት ነው።

ሕዋሱ ቀዝቀዝ ብሎ በ60 ዲግሪ ቢሠራ ግን እንፋሎቱ የሚይዘው 20 ብቻ ነው። ለአየሩ በጠረፍ 81፣ በልደታ 56 ይቀርለታል፤ ኦክሲጅኑም 17 እና 12 ይሆናል። ልዩነቱ ጠበበ። ስለዚህ በደጋ አገር ሕዋሱን ቀዝቀዝ አድርጎ ማሠራት ይገባል።

የውሃውም ሚዛን ወደዚሁ ያመለክታል። ደረቅ አየር ከሚያስፈልገው እጥፍ ቢገባና ግፊት ባይጨመርበት፣ ወጪው አየር በሥራው የተወለደውን ውሃ ልክ ሳይተርፍና ሳይጐድል የሚሸከምበት ሙቀት አለ። ከዚህ ሙቀት በታች ጠብታ ይከማቻል፤ ከዚህ በላይ ሽፋኑ ይደርቃል። ሒሳቡ ሲሠራ ይህ ሙቀት በባሕር ጠረፍ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ወደ 53 ዲግሪ ይወርዳል። ግፊቱ ሲያንስ ያው አንድ ኪሎ አየር ብዙ እንፋሎት ስለሚሸከም ነው። በፋብሪካው ለ60 ዲግሪ የተስተካከለ መሣሪያ በልደታ በ60 ዲግሪ ቢሠራ እንግዲህ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ሠራተኛው ኀይሉ መውረዱን አይቶ «አየር አንሶታል» ብሎ አየሩን ቢያበዛለት ማድረቁን ያፋጥነዋል።

መድኀኒቱ ሦስት ዐይነት ነው፤ ሦስቱም ዋጋ አላቸው። አየሩን በመጭመቂያ ወደ ጠረፉ ግፊት መመለስ ይቻላል፤ መጭመቂያው ግን ከሕዋሱ ኀይል ይበላል። ሙቀቱን ማውረድም ይቻላል፤ ነገር ግን ሕዋሱ ከአካባቢው አየር የሚበልጥበት ሙቀት ሲያንስ ሙቀቱን ማስወጣት ይከብዳል፤ ስስ አየር ደግሞ ማቀዝቀዙ ደካማ ስለ ሆነ ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው ከፋብሪካው ልክ ከፍ ማለት አለባቸው። ሦስተኛው ከሕዋሱ የሚወጣውን እርጥብ አየር ከሚገባው ደረቅ አየር ጋራ በስስ ሽፋን ግራና ቀኝ እያስኬዱ እርጥበቱን መመለስ ነው። ይህ ለበጋው ደረቅ አየር ይስማማል፤ በክረምት ግን አየሩ ራሱ ስለሚረጥብ መጠኑን የሚቀንስ መክፈቻ ያስፈልገዋል። እንግዲህ መሣሪያ ለመግዛት የተሰየሙ ሰዎች ሻጩን ሊጠይቁት የሚገባው «ስንት ኪሎ ዋት ነው?» ብለው ብቻ አይደለም፤ «በ2,300 ሜትር ከፍታ ስንት ኪሎ ዋት ነው? በስንት ዲግሪስ ይሠራል?» ብለው በጽሑፍ መልስ መቀበል ይገባቸዋል።

አየሩ ከመግባቱ በፊት መጣራት አለበት። የአውራ ጎዳና አቧራ ቦዮቹን ይደፍናል፤ ከናፍጣ ጢስ የሚመጣው ድኝ ደግሞ በፕላቲኑ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ያስተወዋል።

በሃይድሮጅኑ ወገን ያለው ጥንቃቄ ከዚህ ይለያል። ሃይድሮጅን ውድ ስለ ሆነ እንደ አየሩ አይባክንም፤ መውጫው ተዘግቶ እስኪያልቅ ይሠራበታል፤ ወይም በፓምፕ እየዞረ ይመለሳል። ነገር ግን ከማዶ በሽፋኑ ሰርጎ የመጣ ናይትሮጅንና ውሃ በዚያ ይጠራቀማሉ። ስለዚህ መክፈቻው በየጊዜው ለቅጽበት ተከፍቶ የተጠራቀመውን ይተነፍሳል፤ ከእርሱም ጋራ ጥቂት ሃይድሮጅን ይወጣል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከመቶ ከ4 እስከ 75 እጅ ሲሆን በእሳት ብልጭታ ይያዛል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ለማለት ይቻላል። በጋራ መኖሪያ ቤት ይህን የሚተነፍሰውን ቱቦ ከደረጃው ሥር ወይም በዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ማስቀረት ክልክል ነው። ሃይድሮጅን ከአየር እጅግ ስለሚቀል ሽቅብ ይሄዳል፤ ቱቦውም ከማናቸውም መስኮትና በረንዳ ርቆ እስከ ጣራው በላይ ይወጣል፤ አፉም ዝናብ እንዳይገባበት ይታጠፋል። ቱቦው ሽቅብ ሲሄድ እንፋሎቱ በውስጡ ቀዝቅዞ ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ በእንጀራ ምጣድ አክንባሎ ሥር እንደሚታየው ላብ ነው። ስለዚህ በቱቦው ግርጌ ውሃ ማጠራቀሚያ ከመክፈቻ ጋራ ይደረጋል፤ መክፈቻውንም በየሳምንቱ የሚከፍት አንድ ሰው በስሙ ይመደባል።